ለእናቴ ግቢ በባትሪ የሚሠራ የሣር ማጨጃ፦ በራሱ የሚሄደው ይሻላል ወይስ የሚገፋው?

የሳሙና በር ልጅ
ግንቦት 9፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

የእናቴ ቤት ጎንደር፣ ሳሙና በር ነው። ግቢው ውስጥ ሣር ያለበት ቦታ በግምት 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። ላይኛው ግማሽ ሜዳ ነው። ታችኛው ግማሽ ወደ አጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። መሐል ላይ ሁለት የሎሚ ዛፍና አንድ ጌሾ አለ።

ድሮ በማጭድ የሚያጭደው አባቴ ነበር። እሱ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። አምና የቀን ሠራተኛ እየፈለግሁ አሳጨድኩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰው ቶሎ አይገኝም። ሣሩ ደግሞ አይጠብቅም። እናቴ እባብ ትፈራለች፤ ሣር ሲረዝም እንቅልፍ አይወስዳትም። «ማሽን ከሆነ እኔም ይዤው እሄዳለሁ» ትላለች። 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል።

እህቴ ሜሪላንድ ናት። ሐምሌ መጀመሪያ ትመጣለች። «በባትሪ የሚሠራ፣ ጎማው በራሱ የሚሄድ ልግዛላት» ብላ የሦስት ማሽን ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ባለ 40 ቮልት ነው፣ አንዱ ባለ 56። ሦስተኛው ሁለት የ18 ቮልት ባትሪ ይገባበታል። የሚያጭዱት ስፋት ከ46 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱም በገዢዎች ተመስግነዋል። የቱን ልበላት?


ቀሃ ዳር
ግንቦት 9፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር ለአባትህ።

እኔ የአንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ነው የምንከባከበው። በቤንዚን የሚሠራም በባትሪ የሚሠራም ይዣለሁ። ማሽን ከመምረጥህ በፊት ነገ ጠዋት ሜትር ይዘህ ግቢውን ለካ። በግምት አትሂድ። ሰው ሁሉ ግቢውን አስፍቶ ነው የሚገምተው።

እውነት 120 ካሬ ከሆነ እንዲህ አስበው። 40 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ ማሽን ትገፋለህ እንበል። በየመስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ትደርባለህ፤ ስለዚህ በአንድ ሂደት 35 ይቀርልሃል። 120ን ለ0.35 ስታካፍል 343 ሜትር መንገድ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በደቂቃ 50 ሜትር ይሄዳል። ሰባት ደቂቃ ማለት ነው። በ53 ሴንቲ ሜትሩ ብታጭደው ደግሞ 250 ሜትር፣ አምስት ደቂቃ። መዞሪያውንና ሣር መድፊያውን ጨምርና እጥፍ አድርገው። ልዩነቱ ያው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለዚህች ጥቂት ደቂቃ ብለህ ምን ታመጣለህ? የሚገፋው ትንሽ የባትሪ ማሽን ከ15 እስከ 18 ኪሎ ነው። በራሱ የሚሄደው ከ25 ኪሎ ይጀምርና 30ን ያልፋል። ቀጥታ ሲሄድ ክብደቱ አይታወቅህም። ሎሚው ሥር ስትደርስ ግን ወደ ኋላ መሳብ አለ፣ ማዞር አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ አያግዝህም። ጠባብ ግቢ ውስጥ ግማሹ ሥራ መዞር ነው።

የእኔ ግቢ ሜዳ ነው፤ የሚገፋውን ነው የምመርጠው። የአንተን ቁልቁለት ግን አላየሁትም።


የአዘዞ አትክልተኛ
ግንቦት 10፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ እንደምን አደርክ። እናትህን እግዜር ያበርታልህ።

ከማሽኑ በፊት ሣሩን ንገረን። ሰርዶ ነው ኪኩዩ? ሰርዶ ቀጭን ነው፣ መሬት ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ ማንኛውም ማሽን ይቆርጠዋል። ኪኩዩ ግን ሌላ ነው። ግንዱ ወፍራም ነው። ላይ በላይ እየተደራረበ እንደ ፍራሽ ይሆናል፤ ስትረግጠው እግርህ ይሰምጣል። ይኼ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የራሱ ሣር ነው። የእኛ ክረምት ሲመጣለት አያድርስ ነው። ደካማ ሞተር ይዘህ ብትገባበት ማሽኑ ይታፈናል፣ ባትሪው ይንጠፈጠፋል።

ሁለተኛ፣ ድንጋይ አለ ወይ? የጎንደር ግቢ ጥቁር ድንጋይ አያጣም። ክረምት አፈሩን ሲያጥበው ይወጣል። ከማጨድ በፊት ዞሮ መልቀም ግድ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጉልበት። ቀሃ ዳር ያልከው ስሌት ልክ ነው፣ ሜዳ ላይ። እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ የእኔም ጓሮ ተዳፋት ነው። የምትገፋውን ማሽን ሽቅብ ስገፋ ጉልበቴ ነው የሚቀጣኝ። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም። እናትዬው ራሳቸው ሊይዙት ከሆነ፣ ለቁልቁለቱ ሲባል በራሱ የሚሄደው ይሻላቸዋል። ግን ቀላሉን፣ ጠበብ ያለውን።


የሳሙና በር ልጅ
ግንቦት 10፣ ቀን 7፡15

እትዬ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ላይኛው ሰርዶ ነው። ታች አጥሩ ጋ ያለው ግን እርስዎ እንዳሉት እግር የሚያሰምጠው ነው፤ ኪኩዩ መሆኑ ነው። ድንጋይም አለ።

ቀሃ ዳር፣ ለካሁት። 104 ካሬ ሜትር ሆነ። እውነትህን ነው።


ጥያቄ አለኝ
ግንቦት 10፣ ቀን 9፡30

ለምን በቤንዚን የሚሠራ አትገዛም? እሱ እኮ ባትሪ አለቀ፣ መብራት ጠፋ የለበትም።


ቀሃ ዳር
ግንቦት 10፣ ማታ 1፡10

መብራት የለበትም፤ ሰልፍ ግን አለበት። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማግኘት ጀሪካን ይዤ የዋልኩበት ቀን አለ። ዘይት አለው፣ ካንዴላ አለው፣ ካርቡራተር አለው። የእኛ ማሽን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስለሚቆም ቤንዚኑ ውስጡ ይበላሻል። ሰኔ ላይ ገመዱን ስትጎትት ትውላለህ። የ67 ዓመት እናት ገመድ እየጎተቱ ማስነሳት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። እዚህ ሲደርስ ሃያ በመቶ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠል አየር አይፈልግም፤ ኃይሉ እዚህም ያው ነው።


የፊዚክስ መምህር
ግንቦት 10፣ ማታ 3፡50

ውይይቱን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ከማሽኑ ይልቅ ግን ባትሪውና ቻርጀሩ ያሳስቡኛል። እህትህ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት እባክህ ይህን አንብብላት።

መጀመሪያ ቻርጀሩ። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚችል ሰው ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። የሣር ማጨጃ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ የሚሸጠው 120 ብቻ ነው የሚችለው። እዚህ ስትሰካው በሰከንድ ይቃጠላል። የሚታወቀው ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። ኢንፑት ከሚለው አጠገብ «100–240» ካለ ደህና ነው። «120» ብቻ ካለ እዚህ አይሆንም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ዋቱ በቂ መሆን አለበት፣ ከባድም ነው፣ አንድ ቀን ሰው ረስቶ ቀጥታ ይሰካዋል። አልመክርም።

ሁለተኛው አውሮፕላኑ። ይኼን ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤርፖርት ላይ ባትሪው ሲቀርበት ነው። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ እሱም ሁለት ብቻ ነው። ከ160 በላይ የሆነ ከመንገደኛ ጋር በፍጹም አይሄድም። በትልቁ ሻንጣ መለዋወጫ ባትሪ መላክ ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው።

አሁን የእህትህን ሦስት ማሽኖች እንያቸው። ባለ 40 ቮልት የሚባለው ልክ ቻርጅ እንደሞላ ነው 40፤ በሥራ ላይ 36 ነው። 4 አምፔር ሰዓት ከሆነ 144 ዋት ሰዓት ይሆናል። በፈቃድ ያልፍ ይሆናል። ባለ 56ቱ በሥራ ላይ 50 ግድም ነው፤ በ5 አምፔር ሰዓት 250 ይደርሳል። አያልፍም። ባለ 18ቱ በ5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ነው። ሁለቱም ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ስለሚለካ።

ስለዚህ በእኔ እምነት መልሱ ሦስተኛው ነው። የባትሪ ጫፎቹን በፕላስተር ትሸፍናቸውና በእጅ ሻንጣዋ ትያዛቸው።


የሳሙና በር ልጅ
ግንቦት 11፣ ማታ 4፡00

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ደወልኩላት። ሱቅ ሄዳ የቻርጀሮቹን ጀርባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሦስቱም 120 ብቻ ናቸው! የ56ቱን ልትከፍል ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ባለ ሁለት ባትሪው ማሽን ሣጥኑን ጨምሮ 31 ኪሎ ነው። የሻንጣዋ ልክ 23 ኪሎ ነው።


ብሎን
ግንቦት 11፣ ማታ 4፡35

ወንድም ዓለም፣ እኔ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የብረት ሥራ ነው የምሠራው። መምህሩ ያሉትን ከሥራው በኩል ላጠናክረው።

የ18 ቮልት ባትሪ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። ድሪሉ፣ ግራይንደሩ፣ የእንጨት መጋዙ ሁሉ በእሱ ነው የሚሠራው። የእኔ የማኪታ ነው። ማኪታ ሁለት የ18 ባትሪ የሚገባበት የሣር ማጨጃ አለው። ባትሪው አሜሪካም ተገዛ ዱባይ ያው ነው፣ ይገጥማል። የሚለየው ቻርጀሩ ነው፤ ባለ 220ውን እዚህም ታገኛለህ። የዲወልትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ «20 ቮልት ማክስ» ብለው የሚጽፉትና አውሮፓ «18» የሚሉት አንድ ባትሪ ነው።

ይኼ ማለት ባትሪህ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢደክም መለዋወጫ ፍለጋ አሜሪካ አትደውልም። ባለ 56 ቮልት ባትሪ የያዘ ሰው ግን ጎንደር ውስጥ አላየሁም። ባትሪው የሞተ ቀን ማሽኑ ጌጥ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላም ባትሪዎቹ ቤት ቁጭ አይሉም፤ ድሪል ትገዛላቸዋለህ፣ በር ሲጠብቅ፣ መጋረጃ ሲሰቀል ይሠሩልሃል።

አስመስለው የተሠሩትን ግን ተጠንቀቅ። ከላይ አንድ ናቸው። በእጅህ መዝናቸው። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ውስጡ አሥር ሴል ነው ያለው። አስመስለው የተሠራው ብዙውን ጊዜ አምስት ሴል ይዞ 5 ብሎ ይጽፋል፤ ክብደቱ ይናገራል። ድሪል ላይ ትንሽ ይሠራል። ሣር ማጨጃ ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ስለሚስብ ይግላል፣ ቶሎ ይሞታል። ለሣር ማጨጃ ዋናውን ግዛ።


ዱባይ ያለሁ የፒያሳ ልጅ
ግንቦት 12፣ ጠዋት 3፡20

ከዱባይ ነው የምጽፈው፤ አገሬን ሳነብ ደስ አለኝ።

ማሽኑን ያለ ባትሪ ከዚህ በካርጎ ብታስመጡት ይቀላል። ባትሪ የሌለው ማሽን እንደማንኛውም ዕቃ ነው፤ ብዙ አያጣይቅም። ሱቅ ላይ «ባትሪና ቻርጀር የሌለው» ብለህ ብትጠይቅ ይሰጡሃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ባትሪዎቹን እህትህ ከአሜሪካ በእጇ ትያዝ። ቻርጀር ከዚህ ከተገዛ እዚህም 220 እስከ 240 ነውና ይሠራል። ስፒናው ብቻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ እዚያ ስትደርስ በሁለት ክብ ጥርስ ትቀይረዋለህ። ቀረጡን ግን ከመላኩ በፊት አጣሩ፤ ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው ሰው የሚደነግጠው።


የአዘዞ አትክልተኛ
ግንቦት 12፣ ምሽት 12፡45

ልጆች፣ ተባረኩ።

አሁን ማሽኑን ስትመርጥ እኚህን አስተውል። የሚነዳው ጎማ የኋላው ይሁን። የፊት ጎማ የሚነዳው ሜዳ ላይ ለመዞር ይመቻል፤ እጀታውን ጫን ሲሉት ፊቱ ይነሳና ይዞራል። ሽቅብ ስትወጣ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማው ይንሸራተታል። የሣር መያዣው ሲሞላ ይብሳል። የኋላ ጎማ ከሆነ ክብደቱ እሱ ላይ ስለሆነ መሬቱን ይቆነጥጣል።

ፍጥነቱ የሚስተካከል ይሁን። ይኼን አደራ እላለሁ። አንዳንዱ ማሽን አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ለወጣት ሰው የተሠራ ነው። እናትህ ተከትለውት መሮጥ የለባቸውም። በዝግታ የሚሄድ ቦታ ያለው ይሁን።

እጀታውን ሲለቁት ወዲያው የሚቆም መሆኑንም እይ። አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ስለቱ ግን ወዲያው አይቆምም፤ ጥቂት ሰከንድ ይዞራል። ሣር ቢታፈንበት ባትሪው ሳይወጣ እጅ ማስገባት የለም። እናትህን ይኼን አስምላቸው።


ቀሃ ዳር
ግንቦት 12፣ ማታ 2፡00

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ቁልቁለቱና ጉልበቱ ካለ እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በራሱ የሚሄደው ይሁን፤ ግን 46ቱ እንጂ 53ቱ አይሁን። ሎሚና ጌሾ መሐል 53 አይዞርም።

ተዳፋት ላይ ደግሞ አግድም ነው የሚታጨደው፣ ሽቅብና ቁልቁል አይደለም። ሽቅብ ስትወጣ እግርህ ቢያዳልጥ ማሽኑ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ሣሩ እርጥብ ከሆነ አትግቡ። ሐምሌ ላይ ደረቅ ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጤዛው ደርቆ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ያለችውን ጊዜ ያዟት።


የቁስቋም ጎረቤት
ግንቦት 13፣ ጠዋት 2፡30

እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፣ አትቆጡኝ። እኛ ሰፈር ላም ያለው ሰው በየሳምንቱ እየመጣ በማጭድ አጭዶ ይወስደዋል። እሱ ለላሙ ያገኛል፣ እኛ ግቢው ይጸዳልናል። ብር የለ፣ ባትሪ የለ። 100 ካሬ ለሚሆን ግቢ ማሽን ከዱባይ ማስመጣት በዛ ብዬ ነው።


የአዘዞ አትክልተኛ
ግንቦት 13፣ ጠዋት 4፡10

ልጄ፣ ጥሩ ነው ያልከው። ሰው ከተገኘ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ማጭድ ግን ሣሩን እንደ ምንጣፍ አያደርገውም፤ ረዝሞ ነው የሚታጨደው። የኚህ ሴት ጭንቀት እባብ ነው፤ ሣሩ ሁሌ አጭር እንዲሆን ነው የሚፈልጉት። ደግሞ ራሳቸው ሊሠሩት ይፈልጋሉ። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። የታጨደውን ግን ላም ላለው ይስጡት፤ ሳይሻግት በዕለቱ።


የሳሙና በር ልጅ
ግንቦት 14፣ ማታ 3፡15

ወሰንኩ። ባለ ሁለት 18 ቮልት፣ 46 ሴንቲ ሜትር፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል። ማሽኑና ቻርጀሩ ከዱባይ፣ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ ከእህቴ ጋር።

አንድ ጥያቄ ለመምህር። የእኛ ሰፈር መብራት ይመላለሳል። ቻርጀሩን ይጎዳዋል?


የፊዚክስ መምህር
ግንቦት 14፣ ማታ 4፡05

መጥፋቱ አይጎዳውም። ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት ነው የሚጎዳው። ለፍሪጅ የምትጠቀሙበት ስታብላይዘር ካለ እሱ ላይ ሰኩት። ከሌለ መብራት የጠፋ ጊዜ ነቅላችሁ፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰኩ።

አጭዳችሁ እንደጨረሳችሁ ባትሪው ትኩስ ነው። ግማሽ ሰዓት አሳርፉትና ከዚያ ቻርጅ አድርጉት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አርብ ማታን አትጠብቁ፤ መብራት ባለበት ቀን ሙሉት።

ለቆጣሪው አታስቡ። ሁለቱ ባትሪ 180 ዋት ሰዓት ነው። የሚባክነውን ጨምረን አምስት ጊዜ ሞልታችሁ ገና አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ያንን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።


የሳሙና በር ልጅ
ነሐሴ 4፣ ቀን 8፡00

ሰላም ናችሁ? ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ።

ማሽኑ ሐምሌ 11 ገባ። እህቴ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣዋ አመጣች። ኤርፖርት ላይ አውጥተው አዩአቸው፤ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብበው መለሱላት።

የመጀመሪያው ቀን ከበደን። ሣሩ ከስንዝር በላይ ረዝሞ ነበር፤ እርጥበትም አለው። ማጨጃውን ዝቅ አድርጌ ገባሁ። ላይኛውን ጨርሼ ኪኩዩው ጋ ስደርስ ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ፣ ጮኸ፣ ቆመ። 12 ደቂቃ ላይ ባትሪው አለቀ። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እውነት ለመናገር አዘንኩ፤ ያን ሁሉ ገንዘብ አባክነን ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ከፍታውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ እንደገና ገባሁ። ሦስት ቀን ቆይቼ ዝቅ አድርጌ ደገምኩት። ያን ጊዜ እሺ አለ። አሁን በየሳምንቱ ነው የምናጭደው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያስቀመጥነው። ጠቅላላው 16 ደቂቃ ይወስዳል፤ ባትሪው ላይ ቻርጁን ከሚያሳዩት መብራቶች አንዱ ቀርቶት እንጨርሳለን።

ላይኛውን እናቴ ናት የምታጭደው። ፍጥነቱን የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርጌላታለሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቦት ጫማዋን አድርጋ ትከተለዋለች። ታችኛውን እኔ አግድም አግድም እሠራዋለሁ። የኋላ ጎማው አንዴም አልተንሸራተተም።


የአዘዞ አትክልተኛ
ነሐሴ 4፣ ማታ 1፡30

እልል! ደስ ብሎኛል ልጄ።

ያ የመጀመሪያው ቀን የማንም ነው። ሣር በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶው በላይ አይቆረጥም። ከዚያ በላይ ከወሰድክበት ማሽኑም ይጨነቃል፣ ሣሩም ይነጣል። ረዝሞ ካገኘኸው በሁለት ጊዜ ነው።


ብሎን
ነሐሴ 5፣ ጠዋት 3፡00

ስለቱን አየኸው? ድንጋይ ነካህ?


የሳሙና በር ልጅ
ነሐሴ 5፣ ጠዋት 3፡40

ነካሁ። አጥሩ ጋ ሣሩ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ነበር። ስለቱ አንድ ቦታ ላይ ጎድሏል። ከዚያ ወዲህ ሣሩ ጫፉ ነጣ ነጣ ይላል፤ ማሽኑም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።


ብሎን
ነሐሴ 5፣ ጠዋት 4፡10

መንቀጥቀጡን አትናቀው። ባትሪዎቹን አውጣ። ማሽኑን በጎኑ አስተኛው። መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን ፍታ፤ ስለቱ እንዳይዞር እንጨት ወሽቅበት። ከመፍታትህ በፊት የቱ ፊት ወደ ታች እንደሆነ ምልክት አድርግ፤ ገልብጦ የሚያስር ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በሞረድ ሞርደው። ግራይንደር አትጠቀም፤ ብረቱን አግሎ ያለሰልሰዋል። እንደ ምላጭ ማሳል አያስፈልግም። የነበረውን ማዕዘን ተከትለህ ጉድለቱ እስኪጠፋ ነው። ዋናው ሚዛኑ ነው። ግድግዳ ላይ ምስማር ምታና በመሐሉ ቀዳዳ ስቀለው። አንዱ ጎን ካዘነበለ ያኛውን ጎን ትንሽ ሞርድለት። አግድም ቀጥ ብሎ እስኪቆም። ሚዛኑን ያልጠበቀ ስለት የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላዋል። ኩሽኔታው ከሄደ የምትቀይረው ሞተሩን ነው።

ካልቻልክ ይዘኸው ና፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ አላስከፍልህም። የመጣህ ቀን ቢላዋም ማጭድም ካለህ ይዘህ ና።


የሳሙና በር ልጅ
ጳጉሜን 3፣ ማታ 2፡45

ብሎን ጋ ሄጄ ነበር። ስለቱን አስተካክሎ ሰጠኝ፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ። የአባቴንም ማጭድ ወስጄለት ነበር። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ዝጎ ነበር። ጥርሱን አወጣለት።

ለካስ እናቴ ከሐምሌ ጀምሮ ታች ጥግ ላይ አንድ ቁራጭ ሣር እንዳላጭደው ስትለምነኝ የነበረው ለእንቁጣጣሽ ጉዝጓዝ ነው። ማሽኑ የሚያወጣው ሣር የጣት ቁመት እንኳ የለውም፤ አይጎዘጎዝም። ያቺ ጥግ አሁን እስከ ጉልበት ደርሳለች፤ አደይ አበባም ብቅ ብሎባታል።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ማለዳ በማጭዱ አጭድላታለሁ። ማሽኑን ጠርገን፣ ባትሪዎቹን ግማሽ ሞልተን የምናስቀምጠው ሣሩ ሲቆም፣ ጥቅምት ላይ ነው።


የፊዚክስ መምህር
ጳጉሜን 3፣ ማታ 3፡10

ግማሹ ልክ ነው፤ ሙሉም ባዶም አድርገህ አታስቀምጣቸው። ከማሽኑ አውጥተህ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ ቁምሳጥን ውስጥ አድርጋቸው። ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ቤት ስታጸዱ፣ አንዴ እያቸው። ወደ አንድ መብራት ከወረዱ ትንሽ ሙላቸው።

ለእናትህ እንኳን አደረሰዎት በልልኝ።